የቪትዝ ሞተር ግቢ ውስጥ ይታጠባል ወይ? ናፍጣውን ተዪው፣ ፌስታሉን ቁጠሪ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው። 2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። ኮፈኑን ስከፍት ዘይትና አቧራ ተለውሶ ጭቃ መስሏል። ላቫጆ ብወስዳት ‹በናፍጣ ነፍተን በፕሬዠር እናጥባታለን፣ እንደ አዲስ ታበራለች› አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ ‹ሞተር ውሃ ከነካው ኮምፒዩተሩ ይቃጠላል፣ እንዳታስነኪ› ይላል። ማንን ልስማ? ግቢዬ ውስጥ ራሴ ባጥባትስ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ስሚያቸው። የላቫጆዎቹ ልጆች ሞተር ይታጠባል ማለታቸው ልክ ነው፤ ናፍጣውና ፕሬዠሩ ላይ ነው የተሳሳቱት። ወንድምሽም መፍራቱ አይከፋም፣ የሚፈራውን ነገር ግን አላገኘውም። ግቢሽ ውስጥ በአንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ፣ በላርጎ፣ በሁለት ብሩሽና በጥቂት ፌስታል ከላቫጆው የተሻለ ሥራ ትሠሪያለሽ። ግማሽ ቀን ይፈጅብሻል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እኔ አዳማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ 20 ዓመት አልፎኛል። ትናንት ታጥቦ ዛሬ አልነሳ ያለ፣ የሚንገጫገጭ፣ መብራት ያበራ መኪና ብዙ ጊዜ በገመድ ተጎትቶ ይመጣልኛል። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከውበቱ ይልቅ ከብልሽቱ በኩል ነው፤ ይህን እያወቅሽ አንብቢኝ።

ከናፍጣው ልጀምር። ናፍጣ ዘይትና ግራሶ ያሟሟል፤ ጋራዥ ውስጥ የወለቀ ብረት በናፍጣ የምናጥበውም ለዚሁ ነው። የወለቀ ብረት ግን ጎማ የለበትም፣ ሽቦ የለበትም፣ አይሞቅም። መኪናው ላይ ያለ ሞተር ሦስቱም አለው። ከራዲያተር ወደ ሞተር የሚሄዱት ወፋፍራም ጥቁር ጎማዎች የተሠሩት ለውሃና ለሙቀት ነው፤ ነዳጅ አይስማማቸውም። ናፍጣ ደጋግሞ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ በጣትሽ ስትጫኛቸው እንደ ማስቲካ ይሆናሉ። ሞተሩ የተቀመጠባቸው የጎማ ትራሶች፣ ጎሚኒዎቹም እንደዚያው። ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ናፍጣ ከጠጣ ይንሸራተትና ጠዋት መኪናዋን ስታስነሺ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ጩኸት ያወጣል።

ያ «እንደ አዲስ ታበራለች» የተባልሽው ብርሃን ደግሞ ሳይተን የቀረ ናፍጣ ነው። ስስ ቅባት ሆኖ ብረቱና ፕላስቲኩ ላይ ይቀመጣል። የምንኖረው ደግሞ ሸንተረሩ ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለበት ከተማ ውስጥ ነው! ሳምንት ሳይሞላ ያ ቅባት የሰፈሩን አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ የባሰ ይለወሳል። አሁን ኮፈንሽ ሥር ካለው ጭቃ ውስጥ ከፊሉ የቀድሞው ባለቤት ያስነፋው ናፍጣ ቢሆን አልገረምም።

እሳቱን በተመለከተ፣ ናፍጣ የሚቀጣጠል ተን የሚያወጣው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጉም የሆነ ናፍጣ መሞቅ አያስፈልገውም። ከመንገድ የገባች መኪና የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት) ደግሞ ናፍጣን ያለ ክብሪት ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት ሊኖረው ይችላል። ቤንዚንማ ጭራሽ አይነሳ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፣ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ሞተሩ ሥር ይተኛና ከባትሪ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ላምባም ከሁለቱ መካከል ነው፤ አይሆንም።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ሞተር ውሃ አያውቅም ያለው ማን ነው? ክረምት ላይ በጎርፍ በተሞላ አስፋልት ስትነጂ ከሥር ስንት ውሃ እንደሚረጨው አስቢው። እንደ ያንቺ ቪትዝ ባሉ መኪኖች ሞተር ክፍል ውስጥ የሽቦ መገናኛዎቹ ውስጣቸው የጎማ ቀለበት አላቸው፣ ለብናኝ ውሃ የተዘጋጁ ናቸው። የማይችሉት ግፊት ነው። የቤት ቧንቧ ግፊት እንደ ሰፈሩ ከ2 እስከ 4 ባር ቢሆን ነው፤ የላቫጆ ማሽን ከ100 ባር በላይ ይተኩሳል። ያ ውሃ በጎማ ቀለበቱ ሥር ሰርጎ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ያው ቀለበት መውጫ ይከለክለዋል። ከሁለት ወር በኋላ ሽቦው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዝገት ሆኖ ነው እኔ የማገኘው። ያኔ ባለቤቱ መኪናዋ የታጠበችበትን ቀን እንኳ ረስቶታል፣ «ሰንሰር ሞተ» ብሎ ነው የሚመጣው። ኮምፒዩተሩን በተመለከተ ደግሞ፣ በብዙ የቆዩ ትናንሽ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘው ከዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ኋላ ነው። ሞተሩ ጋ ሆነሽ በባልዲ ውሃ አትደርሺበትም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ገና ረዳት ሳለሁ፣ አንድ ደንበኛ ኮሮላ ዲኤክሱን ለሰርቪስ ጥሎልን ሄደ። በማግስቱ አሰላ ሠርግ አለበት። እኔ ደግሞ ላስደስተው ብዬ ማንም ሳያዘኝ ሞተሩን በጎማ ውሃ ለቅልቄ አብረቀረቅኩት። ማታ መጥቶ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ገፋን። እስከ አስፋልቱ ድረስ ገፋን። ባትሪው ሊሞት ደረሰ። አለቃዬ ከቤቱ ተጠርቶ መጣ፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም፣ እጄን ብቻ አየው፤ ንጹሕ ነበር። ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን በካቻቢቴ ፈታና ወደ መብራት ዘንበል አደረገው። ውስጡ እንደ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላብ አውጥቷል። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ጠረገው፣ ትንፋሹን እፍ አለበት፣ መልሶ ገጠመው። በአንድ ማዞር ተነሳ። ምንም የተቃጠለ ነገር አልነበረም፤ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ቦታ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ እርጥበት ነበር፣ እሱ ብልጭታውን እየሰረቀ ወደ ሌላ ይወስደው ነበር።

ያንቺ ቪትዝ ዲስትሪቢውተር የላትም። በእሱ ፋንታ ለእያንዳንዱ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) አንድ ቦቢና (ከፍተኛውን ቮልት የሚሰጠው) አላት፣ ካንዴላው ራሱ ላይ ቁጭ ያለ። ካንዴላዎቹ ያሉት ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ መሐል ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውሃ እዚያ ከገባ በራሱ አይወጣም። ከታጠቡ በኋላ የሚንገጫገጩ የዘመኑ መኪኖች አብዛኛው በሽታቸው ይኸው ጉድጓድ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ቀኑ ቅዳሜ ይሁን፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀምሪ። እኩለ ቀን ላይ አዳማ ፀሐይ ሥር ሳሙና በሁለት ደቂቃ ይደርቃል፣ የደረቀ ሳሙና ደግሞ ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ካርታ ይስላል። መኪናዋ ሌሊቱን ስላደረች ቀዝቃዛ ናት፤ ሦስት አራት ደቂቃ አስነሺና አጥፊያት፣ ዘይቱ ትንሽ ይለስልስ። ለብ ያለ እንጂ ትኩስ አይሁን። መዳፍሽን ቴስታታው ክዳን ላይ አድርገሽ እስከ አስር መቁጠር ካልቻልሽ ገና ነው፣ ቡና አፍልተሽ ተመለሺ። ትኩስ ማኒፎልድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስሽ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እዚያው አጠገብ ያለው የኦክስጅን ሰንሰርም ውስጡ ሴራሚክ ነው፣ በድንገተኛ ቅዝቃዜ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። የሰንሰር ዋጋ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሞተሩን ከማስነሳትሽ በፊት ግን ኮፈኑን አንዴ ደብደብ አድርጊው፤ ድመት ሞቅ ያለ ሞተር ላይ መተኛት ትወዳለች። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባትሪውን ፍቺ። በ10 ቁልፍ መጀመሪያ ኔጌቲቩን። በፖዘቲቩ ከጀመርሽና ቁልፉ ከቦዲው ጋር ከተነካካ ብልጭታው ያስደነግጥሻል፣ ሊያቃጥልሽም ይችላል። ስትመልሺ በተቃራኒው፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ። ሬዲዮሽ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱ በእጅሽ መኖሩን ቀድመሽ አረጋግጪ። ባትሪው መልሶ ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ዝቅ እያለ ቢሠራ አትደንግጪ፤ ኮምፒዩተሩ የረሳውን እየተማረ ነው።

ውሃ ከመንካትሽ በፊት ደረቁን ቆሻሻ አውጪ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ ከዚያ ያው አቧራ ጭቃ ሆኖ ያደክመዋል። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጥረጊ፣ ዋይፐሩ ሥር ያለውን የቅጠል ክምር በእጅሽ ልቀሚ። የአይጥ ኩስ ወይም የተበላ ጨርቅ ካገኘሽ ማስክ አድርጊ፣ ኩሱን በውሃ አርጥበሽ አንሺው እንጂ አቧራውን አታቦኚው። በዚያው አካባቢ የተቀረጠፈ ሽቦ ካለ ማጠቡን እዚያው አቁሚ፤ ራቁቱን ያለ ሽቦ መጀመሪያ ይጠገናል።

ቀጥሎ ፌስታሉ። እኔ እንዲህ ባለች ቪትዝ ላይ ስድስት ቦታ እሸፍናለሁ፦ አየር ወደ ፊልትሮው የሚገባበት አፍ፣ ዲናሞው፣ የፊውዝ ሳጥኑ፣ ቦቢናዎቹ ያሉበት የቴስታታው መሐል፣ የፍሬን ዘይት ዕቃው ክዳን፣ የዘይት መለኪያውና የዘይት መሙያው ክዳን። ፌስታሉን አልብሺና ጫፉን በናስትሮ እሰሪው። ቦቢናዎቹ ላይ ከፌስታሉ ሥር ደረቅ የካኔተራ ጨርቅ ጠቅጥቂበት፣ የሰረገ ውሃ ካለ ይጠጣዋል። አሁን ወረቀት አምጪና «6» ብለሽ ጻፊበት፣ ዋይፐሩ ሥር አስገቢው። አትሳቂ፤ አየር መግቢያው ላይ ፌስታል ተረስቶ «ጉልበት አጣ» ተብሎ የመጣ መኪና ከፍቼ አውቃለሁ። ሌላ ዲናሞ ላይ የተረሳ ደግሞ ቀልጦ ተጣብቆ በቢላ ነው የፋቅነው። ስድስት ካሰርሽ ስድስት ትፈቻለሽ።

ሳሙናውን አታክብጂው። አንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንኪያ ላርጎ በቂ ነው። ዘይቱ ጠጥሮ የተጋገረበት ቦታ ብቻ ከመለዋወጫ ሱቅ ዲግሪዘር (ዘይት የሚያሟሟ ፈሳሽ) ገዝተሽ ተጠቀሚ፣ ጓንት አድርጊ፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ አታቆዪው። ኮስቲክ ሶዳ በፍጹም፦ ቴስታታውና ብዙው የሞተርሽ አካል አሉሚኒየም ነው፣ ኮስቲክ አሉሚኒየምን ያጠቁራል፣ ይበላዋልም። በረኪናም ለሽቦና ለብረት ጠላት ነው። ኦሞ ያጸዳል ግን ዱቄቱ በየስንጥቁ ይቀራል፤ ላርጎ ካለሽ ኦሞውን ለልብስሽ ተዪው።

ሳሙናውን የፀጉር ቤት ሴቶች የሚይዟት ዓይነት መርጫ ጠርሙስ ውስጥ ሞልተሽ እርጪ። እኔ ከሁሉ ዕቃ የማስበልጣት እሷን ነው። ውሃው የት እንደሚያርፍ አንቺ ትወስኛለሽ፤ በፕሬዠር ማሽን ግን ውሃው ነው የሚወስነው። አንድ ጎን ያዢና ጨርሰሽ ወደ ሌላው ሂጂ። በትልቁ ብሩሽ ሰፋፊውን፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ደግሞ የብሎን ጭንቅላቱን፣ የጓርኒሲዮኑን (በሁለት ብረት መሐል ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን) መስመር፣ የባትሪ መቀመጫውን። ጭቃው እየቀለጠ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ በጨርቅ እየጠጣሽ አንሺው። ለመለቅለቅ ያው መርጫ በንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ታችኛው ክፍል በጣም ከቆሸሸ ብቻ የቧንቧ ጎማ በቀስታ፣ ያለ አፈሙዝ፣ በጣትሽ ሳትጨፍኚው። ሁለት ሊትር ውሃ ብዙ ሞተር ያጸዳል። ሮቶው ባዶ በሆነበት ሳምንት እንኳ ከአንድ ጄሪካን አያልፍም።

ከመኪናዋ ሥር ከእንጨት ቤት ያመጣሽውን ሰጋቱራ በወፍራሙ በትኚ። የሚወርደው ቅባት ያለው ውሃ ነውና ወደ ቦዩ አትልቀቂው፣ ልጆችና ዶሮ ያሉበት ግቢም ከሆነ መሬቱ ላይ አይደር። ሰጋቱራው ይጠጣዋል፤ በማዳበሪያ ጠቅልለሽ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ካለ ከዚያ ጋር ስጪው።

ማድረቁ ላይ አትቸኩዪ። ፌስታሎቹን ፈትተሽ ቁጠሪ። ስድስት? ደግ። መጀመሪያ በጨርቅ፣ ከዚያ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ወይም የፀጉር ማድረቂያ ካለሽ በስንጥቁ ሁሉ ንፊ፣ በተለይ የሽቦ መገናኛዎቹንና የቦቢናዎቹን ዙሪያ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተሽ ፀሐይ ላይ ተዪያት። አሁን ያቺ ያማረርናት የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ወገንሽ ናቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማንም ማሽን የማያደርቀውን ያደርቃሉ። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብትቆይ አይከፋም።

ከዚያ ባትሪውን እሰሪና አስነሺ፣ ሳትነጂ 10 ደቂቃ ትሥራ። ትንሽ እንፋሎት ከማኒፎልዱ ቢወጣ ጤና ነው። ብትንገጫገጭ ግን ወይም ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ወዲያው አጥፊ። ብልጭ ድርግም ማለቱ አንዱ ካንዴላ አያቀጣጥልም ማለት ነው፤ ያልነደደው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ጭስ አጣሪ፣ ካታሊስቱን፣ ያግለዋል፣ ይገድለውማል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። በአንድ ጊዜ አንድ ቦቢና ብቻ፦ መገናኛውን ምላሱን ተጭነሽ ንቀይ፣ ብሎኑን ፍቺ፣ ቦቢናውን ወዲያ ወዲህ እያልሽ ሳቢው። የጎማ እግሩ እርጥብ ከሆነ ጥፋተኛውን አገኘሽ። ጠርጊው፣ ጉድጓዱን በእንጨት ጫፍ ላይ በጠቀለልሽው ጨርቅ አድርቂ፣ መልሰሽ ግጠሚ። ጉድጓዱ ውስጥ በውሃ ፋንታ ዘይት ካገኘሽ ግን ያ የእጥበቱ ጥፋት አይደለም፤ የካንዴላ ጉድጓዱን የሚዘጋው ጎማ አርጅቷል፣ እንኳንም አየሽው።

እንግዲህ እኔ ደንበኞቼን ሞተር እጠቡ የምልበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ብረት በራሱ ዘይት አያልበውም። አቧራ ሁሉም ቦታ ያርፋል፤ ጭቃ የሚሆነው ግን ዘይት በሚያገኝበት ቦታ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያ ጭቃ ከአንድ ቦታ የሚያዠው ዘይት አድራሻ ነው። በጭቃው ላይ ሆነሽ ምንጩን አታገኚውም፤ ነፋሱና ማራገቢያው ዘይቱን ሞተሩን ሁሉ ያለብሰዋል። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ በስልክሽ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሺ። ከዚያ እንደ ልማድሽ ለአንድ ሳምንት ንጂ። ከተቻለ አንዴ አዲስ አበባ ደርሰሽ ተመለሺ፤ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሆነ ሞተሩ ሲደክም የሚያልበውን ሁሉ ያሳይሻል። ስትመለሺ ሌሊት ነጭ ወረቀት ወይም የካርቶን ንጣፍ ከሥር አንጥፊ። ጠዋት ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነና ማርሽሽ አውቶማቲክ ከሆነ መጀመሪያ የማርሹን ዘይት ጠርጥሪ፤ ቀይ የራዲያተር ውሃም ስላለ በጣትሽ አሺው፣ ዘይት ያንሸራትታል። አረንጓዴ የራዲያተር ነው። ከኤር ኮንዲሽነር የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ ምንም አይደለም። በዕድሜዋ ብዙ ጊዜ የማየው የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ነው፣ ዘይቱ ከላይ ጀምሮ በጎን ይወርዳል፤ እሱ ከሆነ ርካሽ ነው፣ አትጨነቂ።

በዚሁ ቁም ነገር ላይ፣ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ስትሄጂ ሞተሩ ከገላው ይበልጥ የሚያበራ ከሆነ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት «መቼ ታጠበ?» በዪ። ደላላ ጠዋት ያሳጠበውን ሞተር ከሰዓት ማየት ምንም ማየት አይደለም። ሦስት ቀን ነድተሃት አሳየኝ ያልሽው ሻጭ ፊቱ ሲለወጥ ታያለሽ።

ባትሪው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ እሱንም በዚያው ቀን ጨርሺው። የቤኪንግ ሶዳ አንድ ማንኪያ በአንድ ስኒ ለብ ያለ ውሃ በጥብጪ፣ ማሰሪያዎቹ ላይ በጥርስ ብሩሽ ቀቢ፤ ይፈላል፣ አሲዱን እየገደለ ነው። የባትሪው ክዳኖች ተዘግተው ይሁኑ፣ ሶዳው ውስጥ ከገባ ባትሪውን ያበላሻል። ለቅልቂ፣ አድርቂ፣ ካሰርሽ በኋላ ቫዝሊን ቀቢበት። ቀለበትሽን አውልቂ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብሽ አይቁም፣ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል።

የራዲያተሩ ፊት ላይ ትንኝና አቧራ ተደፍኖ ከሆነ ውሃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ አፍስሺ፣ በቀስታ፤ እነዚያ ስስ ቅጠሎች በጣት ይታጠፋሉ። ክዳኑን ግን ትኩስ እያለ አትንኪው። እዚህ ከፍታችን 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ የሞተርሽ ውሃ ደግሞ ሲሠራ ወደዚያው የተጠጋ ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ብቻ ስለሆነ በከፈትሽበት ቅጽበት ፊትሽ ላይ ይነሳል።

ማሳመሪያ ቅባት? ለፕላስቲኩና ለጎማዎቹ ውሃ ቀመስ የሆነ የዳሽቦርድ ቅባት በጨርቅ ትንሽ ብታሺ አልቃወምም፣ በቀጥታ አትርጪው ብቻ። ቺንጋው ጋ እንዳትደርሺ። የተቃጠለ ዘይት ወይም የጎማ ማብሪያ የሚቀቡ አሉ፤ ለነሱ ያለኝን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ፦ የድሮ ናፍጣ መኪና ያላችሁ ካንዴላ ስለሌላችሁ ትንሽ ትዝናናላችሁ፣ የሞቀ የናፍጣ ፓምፕ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፣ ውስጡ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሊነክስ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ ከኮፈኑ ሥር ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ላዩን ከመጥረግ አትለፉ። እዚያ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፣ ላርጎና ብሩሽ የሚነካው ቦታ አይደለም።

እህቴ፣ ስንት ጊዜ ላጥባት ብትይኝ በዓመት አንዴ፣ ከክረምት በኋላ፣ ይበቃል፤ በየወሩ ግን ዘይት ስትለኪ በደረቅ ጨርቅ ዳበስ አድርጊያት። ከሳምንቱ በኋላ ወረቀቱ ላይ ያየሽውን ጻፊልኝ። የጠብታውን ቀለምና ከየትኛው የፊት ጎማ ጋ እንደወደቀ ጨምሪ፤ ፎቶዎቹንም ከላኪልኝ ጓርኒሲዮኑ መሆን አለመሆኑን እነግርሻለሁ።